ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የጠፋው ቤት

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ረዳቴ ሲኤምሲ አካባቢ ያለው ሳይታችን ላይ ነው። ስልክ አይጮኽም፣ ደንበኛ አይመጣም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሳምንት አንዴ ስለሚገኝ የተዝረከረከ መዝገብ ላጽዳ ብዬ ተቀመጥኩ። የቤት ውስጥ ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው ቀለምና መጋረጃ ይታየዋል፤ ግማሹ ግን የመዝገብ ሥራ ነው።

እኛ መዝገባችንን የምንይዘው ለዚሁ ሙያ ተብሎ በተሠራ፣ በኢንተርኔት በሚከፈት የውጭ አገር ሶፍትዌር ነው። ደንበኛ አለ፤ በደንበኛው ሥር ፕሮጀክት፣ በፕሮጀክቱ ሥር ክፍሎች፣ በየክፍሉ ሥር ዕቃዎች፣ ከየዕቃው ጋር ፕሮፎርማ፣ የግዢ ማዘዣ፣ የተከፈለ ቀብድ፣ ፎቶ። ሶፍትዌሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሰው ስምም የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የሲኤምሲዋ ደንበኛችን ስም በ«ፀ» ይጀምራል። እኔ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ጽፌዋለሁ፤ ረዳቴ ደግሞ እንደለመደው በ«ቲ» እና በ«ዜድ» ጽፎታል። እኛ «እማማ» የምንላቸው አንዲት እናት ሁለት ደንበኛ ሆነው ተቀምጠዋል።

ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አየኋቸው። ከአንደኛው ፊት «0» የሚል ቁጥር አለ። ባዶው ይኼ ነው ብዬ መረጥኩት። ሶፍትዌሩ ጠየቀኝ፦ ይህ ደንበኛና ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ይሰረዛል፣ ይቀጥል? «የተያያዘ» ሲል ስልክ ቁጥርና አድራሻ መሰለኝ። አዎ አልኩት። ለካስ ዜሮው የዕቃ ብዛት አልነበረም፤ ያልተከፈለ ሂሳብ የለባቸውም ማለት ነበር። እማማ ሂሳባቸውን በቀኑ ስለሚከፍሉ ነው ዜሮ የሆነው።

በግራ በኩል ያለው የፕሮጀክቶች ዝርዝር ሰባት ነበር፤ ስድስት ሆነ። ዘጠኝ ወር የለፋንበት ቤት፣ 14 ክፍል፣ 412 ዕቃ፣ 38 የግዢ ማዘዣ። ልቤ ቀጥ አለ። ቡናዬ አጠገቤ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ከሩቅ ሲታይ የጠፋው ቁጥር ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ቀን ሙሉ ክርክር ያለፈበት ነው። የመኝታ ቤቱን የግድግዳ ወረቀት ብቻ ልውሰድ። አንዱ ጥቅል 53 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10.05 ሜትር ርዝመት አለው። ግድግዳው ቁመቱ 2.50፣ ስፋቱ 4.24 ስለሆነ ስምንት ቁራጭ ይፈልጋል፤ ከአንድ ጥቅል አራት ቁራጭ ይወጣል ተብሎ ሁለት ጥቅል ሊታዘዝ ነበር። እማማ የመረጡት ወረቀት ግን አበባው የሚደገመው በየ64 ሴንቲ ሜትሩ ነው። አበባው ከአበባው እንዲገጥም እያንዳንዱ ቁራጭ 2.56 ላይ መቆረጥ አለበት። አራት ጊዜ 2.56 ደግሞ 10.24 ይመጣል፤ ከጥቅሉ በ19 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከአንድ ጥቅል ሦስት ቁራጭ ብቻ ይወጣል፣ መታዘዝ ያለበትም ሦስት ጥቅል ነው። ይህን ያወቅነው ረዳቴና እኔ ወለል ላይ ተንበርክከን ናሙናውን በሜትር ስንለካ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «3» የምትል ቁጥር ብቻ ናት። ያቺን የሚያነብ ሰው ከየት እንደመጣች አያውቅም፤ እሷ ከጠፋች ደግሞ ሰው ሁሉ ተመልሶ ወደ ሁለት ነው የሚሄደው።

ሴራሚኩም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ በተለያየ ጊዜ ከምድጃ የወጣ ሴራሚክ ቀለሙ ጥቂት ይለያያል፤ ካርቶኑ ላይ የሚታተመው የምድብ ቁጥር ለዚያ ነው። ያ ቁጥር ከጠፋ፣ በኋላ ስድስት ካሬ ቢጎድልና ሌላ ምድብ ቢገዛ ወለሉ መሀል ላይ መስመር ይወጣል። ነጭ ቀለም እንኳ አንድ አይደለም። በራል የቀለም መለያ 9010 ሞቅ ያለ ነጭ ነው፣ 9016 ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ። ሳሎኑ የትኛው ነበር? ኮርኒሱስ? ዘጠኝ ወር ሙሉ በቃሌ የማውቀው የመሰለኝ ነገር በዚያች ደቂቃ እንደ ጉም በነነ።

ሶፍትዌሩ ቅርጫት አለው። የተሰረዘ ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበት ማለቴ ነው። ከፈትኩት፤ የእማማ ስም አለ። «መልስ» የሚለውን ተጫንኩ። ስሙ ተመለሰ፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ክፍል የለም፣ ዕቃ የለም፣ ማዘዣ የለም።

የአክስቴ ልጅ የዳታቤዝ ባለሙያ ናት። ደወልኩላት።

«ምን ነካሽ?» አለችኝ።

«ደንበኛዋን አጠፋሁ፤ ከቅርጫት መለስኳት፤ ባዶ ሆና መጣች።»

«በቃ፣ ከዚህ በኋላ ምንም እንዳትነኪ። አትጻፊ፣ አትሰርዢ፣ እንደገናም አትመልሺ። ላፕቶፑን ክደኚና አውሪኝ።»

ያስረዳችኝን እኔ በገባኝ መንገድ ላስቀምጠው። እንዲህ ባለ ሶፍትዌር ውስጥ ደንበኛው በአንድ ሠንጠረዥ፣ ፕሮጀክቱ በሌላ፣ ዕቃው በሌላ ነው የሚቀመጠው። የሚያገናኛቸው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የፕሮጀክቱን ቁጥር ይዟል፣ ፕሮጀክቱም የደንበኛውን። እናትየዋ፣ ማለትም ደንበኛዋ፣ ስትሰረዝ ልጆቹ፣ ማለትም ፕሮጀክቱና ዕቃዎቹ፣ ባለቤት አልባ ሆነው እንዳይቀሩ ተከትለው እንዲሰረዙ ይደረጋል። ስትመለስ ግን ልጆቹ በራሳቸው ተከትለው ይመጣሉ ማለት አይደለም፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው ያንን ካላሰበበት አይመጡም። አሮጌ የኮምፒውተር ዲስክ ላይም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ፋይል ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚጠፋው አድራሻው ነው። ጽሑፉ ያለበት ቦታ «ክፍት ነው» ይባልና ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ሰው ደንግጦ የሚያደርገው መነካካት ነው ያቺን ቀሪ ዕድል የሚያጠፋው።

የእናቴ አባት ጎጃም ውስጥ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነቴ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ብራና ላይ የተሳሳተ ቃል ሲገኝ ሁለት ዓይነት መሰረዝ አለ። አንደኛው ፍቀት ነው፤ ቀለሙን በሰንጢ ፍቀው ያነሱታል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የነበረው ቃል አይመለስም። ሁለተኛው ቃሉን እዚያው ትተው ከላዩና ከታቹ ጭረት ማድረግ ነው። አንባቢ ጭረቱን ሲያይ ይዘለዋል፤ ቃሉ ግን አለ። ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ልክ እሱ ነው» አለች። ደህና ሶፍትዌር የተሰረዘውን ጭረት ያደርግበታል እንጂ ወዲያው አይፍቀውም። መፋቂያው ቀን አለው። ጂሜይልና ጉግል ድራይቭ ቅርጫታቸው ውስጥ ያለውን 30 ቀን ያቆያሉ፣ ከዚያ ይፍቁታል። የእኛው ልጆች ጭረት ይኑራቸው ወይስ ተፍቀው ይሆን፣ የሚያውቀው ሶፍትዌሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ብቻ ነው። ድርጅቱ ደግሞ አሜሪካ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም።

ያን ጊዜ ነው ታብሌቱ ትዝ ያለኝ።

ረዳቴ ሳይት ላይ የሚይዘው ታብሌት ሲም የለውም። ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ሆትስፖት ሲከፍትለት ነው። ሶፍትዌሩ ታብሌቱ ላይ የፕሮጀክቱን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ከዋናው ሰርቨር ጋር ይመሳከራል። ሰርቨሩ «ይህ ቤት የለም» ካለው ታብሌቱም ያጠፋዋል። ደወልኩለት። ምድር ቤት የጀነሬተሩ ክፍል ውስጥ ነበር።

«ታብሌቱን ዛሬ ከኢንተርኔት አገናኝተኸዋል?»

«አይ፣ አሁን ልከፍት ነበር። የጂፕሰሙን ፎቶ ልልክልሽ።»

«እንዳትከፍት! ሆትስፖቱን እንዳታበራ። ዋይፋዩን ከታብሌቱ ላይ ራሱ አጥፋው። እመጣለሁ።»

ከቢሮዬ ሲኤምሲ ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስደርስ ታብሌቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከፈትነው። አሥራ አራቱም ክፍል አለ። የመኝታ ቤቱ ወረቀት «3» ይላል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩም።

ከታብሌቱ ውስጥ ፋይል ማውጣት ያለ ኢንተርኔት አይሆንም ነበር። ስለዚህ እሱ ገጹን ይገልጣል፣ እኔ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ክፍል በክፍል፣ ዕቃ በዕቃ፣ ቻርጀሩን ከግንበኞቹ ማራዘሚያ ላይ ሰክተን፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። 412ቱን ዕቃ ጨረስን። ማዘዣዎቹና በየዕቃው ሥር የምንጽፋቸው አስተያየቶች ግን ታብሌቱ ላይ አይቀመጡም፤ የመጣልን የዕቃው ስም፣ ልኬቱ፣ ብዛቱና ቁጥሩ ነው።

ስለ ቶይ ስቶሪ 2 ፊልም ያነበብኩት ዱሮ ነው፤ ያን ቀን ደረጃው ላይ ተመልሶ መጣልኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር ውስጥ አንድ ሰው በሰጠው የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒውተሮቹ ላይ መጥፋት ጀመረ። መጠባበቂያው ቅጂም ሲሞከር በትክክል የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው ጋሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ቤቷ ያስቀመጠችው ኮምፒውተር ነው። ልጅ ወልዳ ስለነበር ከቤት እየሠራች የፊልሙን ቅጂ እቤቷ አድርጋለች። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። ፊልሙ በ1999 ወጣ። ያዳነው የአንዲት አራስ እናት የሥራ ሁኔታ ነው እንጂ የታሰበበት የመጠባበቂያ ሥርዓት አይደለም። የእኔንም ቤት ያዳነው ሲም የሌለው ታብሌት ነው። ይህን ሳስብ ደስታዬ ውስጥ ፍርሃት ገባ። ረዳቴ ሆትስፖቱን አምስት ደቂቃ ቀድሞ ቢከፍት ኖሮስ?

እሑድ የቀረውን ፍለጋ ወጣሁ። መርካቶ ያሉት የመጋረጃ ሰፊያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሱቃቸው እሑድ ዝግ ስለሆነ ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ የሲኤምሲው ቤት ልኬት እርስዎ ዘንድ ይኖራል?» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ጠርዙ በጨርቅ የተለበጠ ደብተር አመጡ። ሃያ ሁለቱም መስኮት አለ። ስፋት፣ ቁመት፣ የእጥፉ ብዛት፣ የጨርቁ ቁጥር፣ የቁጥሩም አጠገብ ከራሱ ከጨርቁ የተቆረጠች የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመርፌ ተወግታለች። «ልጄ፣ ቁጥር ይሳሳታል፤ ጨርቁን ካየሁት አልሳሳትም» አሉኝ። ያቺን ገጽ ፎቶ ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የሚያህል መዝገብ አጠገቤ ኖሮ ዘጠኝ ወር ሙሉ አላየሁትም።

አናጢያችን ደግሞ ልኬቱን የሚጽፈው በኤምዲኤፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ ነው። የጂፕሰም ሠራተኞቹ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። ምድር ቤቱ ውስጥ የኮርኒሱ ከፍታ፣ የመብራቶቹ ርቀት፣ የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ቦታ ግድግዳው ላይ ሰፍሮ አገኘሁት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀለም ቀቢዎቹ አንደኛውን እጅ ስለጨረሱ ከነጩ ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። ቴሌግራም ላይ የላክኋቸው ፕሮፎርማዎችና ፒዲኤፎች ነበሩ፤ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገርኩ እያገላበጥኩ እኩለ ሌሊት ሆነ። አንዳንዶቹ ፒዲኤፎች ግን የአራት ወር ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተቀይሯል።

በዚሁ እሑድ ረዳቴ በቅን ልቡና አንድ ነገር አደረገ። እኔን ለማሳረፍ ብሎ ከፒዲኤፎቹ ላይ የምድር ቤቱንና የሳሎኑን ዕቃ ባዶ ሆኖ በተመለሰው ስም ሥር እንደገና መጻፍ ጀመረ። ምንም እንዳይነካ አልነገርኩትም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ በኋላ ዋጋ አስከፈለን።

ሰኞ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ጠዋት ሲሆን፣ የሶፍትዌሩ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ተከፈተ። የጻፍኩላቸውን ኢሜይል አንድ ሠራተኛ አንብቦ በትሕትና መለሰልኝ። መጠባበቂያ ቅጂ አላቸው። በየዕለቱ ከሚወሰደው ሌላ የእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ ስላለ ወደፈለግሁት ደቂቃ መመለስ ይችላሉ። ዋናውን ሰርቨር ግን ወደ ኋላ አይመልሱትም፤ እንዲያ ቢያደርጉ የሌላው ደንበኛ ሁሉ ሥራ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎን ላይ ሌላ ቅጂ ያስነሡና የእኛን ቤት ብቻ ከዚያ አውጥተው ያመጡታል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ በትክክል በስንት ሰዓት ነው የተሰረዘው?

ቅዳሜ 4:00 ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ መልስ መጣ። በተባለው ሰዓት አካባቢ ያለውን ቅጂ አይተናል፤ በዚህ ስም ያለው አንድ ባዶ ደንበኛ ብቻ ነው፤ አዝናለሁ ይላል። ኢሜይሉን ሳነብ ጉልበቴ ከዳኝ። ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ስንት ሰዓት ነው ያልሻቸው?»

«አራት ሰዓት።»

«በማን አራት ሰዓት?»

ዝም አልኩ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት በእነሱ 10 ሰዓት ነው። እነሱ 4:00 ሲያዩ የሥራ ሰዓት ይሆናል ብለው ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት አድርገው ወስደውታል፤ እሱ የእኛ አሥር ሰዓት ነው። ከስረዛው በኋላ ስድስት ሰዓት ያለፈውን ቅጂ ከፍተው ባዶ አዩ። ባዶ መሆኑም ልክ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሰዓት ኖሬ፣ ከውጭ ሰዎች ጋርም ስንት ቀጠሮ ይዤ፣ በዚያች በጨነቀኝ ሰዓት የጻፍኩት ልቤ የሚያውቀውን ሰዓት ነው። እንደገና ጻፍኩ፦ በአዲስ አበባ 10:00፣ ከቀትር በፊት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 07:00። ቀኑንም በእነሱ አቆጣጠር ጨመርኩ።

ረቡዕ ማለዳ ስልኬን ስከፍት ቤቱ ተመልሷል። አሥራ አራት ክፍል።

ቤቱ ተመለሰ እንጂ እንደነበረ አልተመለሰም። መጀመሪያ ያየሁት ምድር ቤቱና ሳሎኑ ድርብ መሆናቸውን ነው። ረዳቴ እሑድ የጻፈውና ከቅጂው የመጣው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከድሮ ፒዲኤፍ የተገለበጠው ቁጥር የትኛው፣ ትክክለኛው የትኛው? በዓይን አይለይም። ሁለተኛ፣ ዕቃዎቹ ሲመለሱ አዲስ መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በድሮው ቁጥር ተያይዘው የነበሩት ማዘዣዎች አብዛኞቹ ተመለሱ፤ አስተያየቶቹ ግን ባለቤታቸውን አጡ። ሠራተኛው በጥያቄዬ በአንድ ኤክሴል ሰብስቦ ላከልኝ። 167 አጫጭር ጽሑፍ፣ በየመስመሩ ቀን አለ፣ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ግን የለም። «ይህ ይሻላል አሉ» ይላል አንዱ። ምኑ? «እንዳይነካ» ይላል ሌላው። «ዝቅ ይበል፣ በሩ ይታይ» ይላል ሌላው። በእነዚህ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ቀኑን ከቴሌግራሙ፣ ቴሌግራሙን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከመጋረጃ ሰፊው ደብተር ጋር እያመሳከርን አብዛኛውን ወደ ቤቱ መለስነው።

እዚህ ላይ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቅጂ አለን ማለትና ቅጂው ተሞክሮ ተከፍቷል ማለት የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ከሁለት ሰርቨር የተሳሳተውን መርጦ መረጃ አጠፋ። 300 ጊጋባይት ያህል ከነበረው እስኪያስቆመው ድረስ 4.5 ያህል ቀረ። የተዘጋጁት የመጠባበቂያ መንገዶች ሲሞከሩ እንደታሰበው ሳይሠሩ ቀሩ። ያወጣቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው፤ የእነዚያ የስድስት ሰዓታት ሥራ ቀረ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ጻፈው፤ የማዳኑንም ሥራ ሕዝብ እያየ በቀጥታ ሥርጭት ሠራ። እኔ ይህን ድፍረት አከብራለሁ። እንዲህ ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ ከእነሱ ስህተት ማን ይማር ነበር?

በእኛ አገርም ከዚህ በፊት በደንብ ያሰቡበት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከየደብሩና ከየገዳሙ ከ9,000 በላይ ብራና ፎቶ ተነሥቶ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን ሲጽፉ ኖሩ። አንድ ብራና እዚህ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ጽሑፉ እዚያ አለ። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኋላ ያስተዋወቀው ደንብም ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። እኛ አሁን ዘወትር ዓርብ የየፕሮጀክቱን ዝርዝር ከሶፍትዌሩ ወደ ኤክሴል እናወጣለን፣ አንዱን ቢሮ፣ አንዱን እኔ ቤት እናስቀምጣለን። በወር አንዴ ደግሞ ከፍተን እናየዋለን።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ከ167ቱ አስተያየቶች ውስጥ «ዝቅ ይበል፣ በሩ ይታይ» የሚለው አልገጥም ብሎኝ ቀርቶ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ዕለት አናጢው ደወለ።

«የሳሎኑን መስኮት ሥር ቁም ሳጥን ልቆርጥ ነው። ከፍታው 90 ነው አይደል?»

90 ይላል፤ ረዳቴ ከድሮው ፒዲኤፍ የጻፈው ዝርዝር ላይ አለ። አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም። «እስከ ነገ አትቁረጥ» አልኩትና ወደ እማማ ሄድኩ።

እማማ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው አሮጌ የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሥራው ባያልቅም አንዳንድ ቀን እዚያ ይውላሉ። መዝገባቸው እንደጠፋ፣ እንዴት እንደጠፋ፣ ምን እንደተመለሰና ምን እንዳልተመለሰ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ትንሽ ዝም ብለው፦

«ታዲያ የኔ ልጅ፣ ያልተመለሰውን እንደገና ልንገርሽ?» አሉኝ።

ነገሩኝ። ወንበሩ የባለቤታቸው ነው። ከሥራ ከወጡ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው በሩን ያዩ ነበር፤ ልጆቹ ከአሜሪካ ሲመጡ ቀድመው የሚያዩአቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን የሚቀመጡት እማማ ናቸው። እኔ መጀመሪያ ላይ መስኮቱ ሥር 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቁም ሳጥን ስዬ ነበር። እማማ ስዕሉን አይተው «ዝቅ ይበል» ያሉኝ ከወራት በፊት ነው፤ እኔም በአስተያየት ጽፌው ነበር። ቁም ሳጥኑ 90 ከሆነ ተቀምጠው ለሚያይ ሰው በሩ አይታይም። ያኔ ያልነገሩኝን ደግሞ አሁን ጨመሩልኝ፤ ቆዳው ይቀየር፣ የግራ እጅ ማሳረፊያው ላይ ያለው የተላጠ እንጨት ግን እንዳይቀባ። የባለቤታቸው ጣቶች የላጡት ነው። «እንዳይነካ» የሚለውም የዚሁ ወንበር ነበር፤ ባለቤቱን አገኘ።

ሜትሬን አወጣሁ። ከወለል እስከ መቀመጫው 43። ከወለል እስከ መስኮቱ ደፍ 62። በወንበሩ ላይ ራሴ ተቀምጬ አየሁ፤ በሩ ከነመጥሪያ ደወሉ ይታያል። ለአናጢው እዚያው ሆኜ ደወልኩለት።

«60 አድርገው። ከደፉ አይብለጥ።»

ቁም ሳጥኑ ከሳምንት በኋላ ገባ። የወረቀቱ ሦስት ጥቅል መጥቶ ተለጥፏል፣ አበባው ገጥሟል። ሴራሚኩ አልጎደለም። ከአስተያየቶቹ አሥራ ዘጠኙ እስከ ዛሬ የምን እንደሆኑ አልታወቀም፤ በዚያው ኤክሴል ውስጥ አሉ።

ወንበሩ ቆዳው ተቀይሮ ሲመለስ ገልብጬ፣ ከመቀመጫው ሥር ባለው እንጨት ላይ በአናጢው እርሳስ ጻፍኩበት፦ 43፣ 62፣ በሩ ይታያል፣ ግራው አይቀባ።